የውሃ ተቋሞቻችንን ቅልጥፍና በምን እንለካ?

(በደብረ ታቦር ከተማ ከሰበካ ጉባኤያትና ከገጠር የውሃ ኮሚቴዎች ተወካዮች ጋር በተደረገ ምክክር ላይ የቀረበ ንግግር)



ሥራ በተጠናቀቀ ቁጥር ሪፖርት እንጽፋለን። የተቆፈሩትን ጉድጓዶች፣ የጎለበቱትን ምንጮችና የተጠቃሚዎችን ቁጥር እንዘረዝራለን። ቁጥሩ እውነት ነው፤ የሚናገረው ግን የምረቃውን ቀን እውነት ብቻ ነው። ፓምፑ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቢቆምና እናቶች እንስራቸውን አዝለው ወደ ቀድሞው ያልተጠበቀ ምንጭ ቢመለሱ፣ በመዝገባችን ላይ ያ ጉድጓድ ዛሬም ውሃ ይሰጣል። ስለዚህ ቅልጥፍናን በምን እንደምንለካ ደግመን ልናስብ ይገባናል።

እ.ኤ.አ. በ1957 እንግሊዛዊው የኢኮኖሚክስ ሊቅ ማይክል ፋረል የምርት ቅልጥፍናን ስለ መለካት አንድ ጥናት አሳተመ። ምርትን ለሠራተኛ ቁጥር ብቻ ማካፈል መሬቱን፣ መሣሪያውንና ሌላውን ወጪ ሁሉ እንደሚያስረሳ ተመልክቶ፣ ግብአቶቹን በአንድነት የሚመዝን መንገድ አቀረበ። እያንዳንዱ አምራች የሚነጻጸረው በወረቀት ከተሰላ ፍጹምነት ጋር ሳይሆን፣ በተመሳሳይ ግብአት የተሻለ ውጤት ካስገኘው ባልንጀራው ጋር ነው። ፋረል ይህን ሐሳብ በ48ቱ የአሜሪካ ክፍላተ ግዛት እርሻ ላይ ሞከረው። ዛሬ በብዙ አገሮች የውሃና የመብራት ድርጅቶች፣ እንዲሁም ሆስፒታሎች ከዚህ በመነጨ ዘዴ ይመዘናሉ።

ይህ ሐሳብ ለደቡብ ጎንደር ሁለት ትምህርት አለው። የመጀመሪያው ፍትሕ ነው። በጣና ዳር በፎገራ ሜዳ ውሃው ለመሬት ገጽ የቀረበ ነው፤ በጉና ተራራ ግርጌ ምንጭ በራሱ ቁልቁለት ይወርዳል፤ በስማዳና በታች ጋይንት ቆላ ግን ውሃ ማግኘት ብርቱ ድካም ይጠይቃል። የቆላውን ኮሚቴ ከሜዳው ኮሚቴ ጋር አመዛዝኖ መውቀስ ግፍ ነው። ሁለተኛው ተስፋ ነው። በአንድ ቀበሌ፣ በአንድ ዓይነት ጉድጓድ አንዱ ሲሠራ ሌላው ቢቆም፣ የጎደለው ገንዘብ ብቻ ላይሆን ይችላል። ሠሪው ያደረገውንም ጎረቤቱ ሄዶ ሊማረው ይችላል።

የአፍሪዴቭን የእጅ ፓምፕ እንውሰድ። ይህ ፓምፕ በ1980ዎቹ የተሠራው የመንደር ሰዎች ራሳቸው እንዲጠግኑት ታስቦ ነው። ቶሎ የሚያልቁት ክፍሎቹ አነስተኛ ዋጋ ያላቸው የጎማና የፕላስቲክ ዕቃዎች ናቸው። መለዋወጫው በእጅ ካለና ያንን መቀየር የሚችሉ ሁለት ሰዎች ከሠለጠኑ ሥራው የሰዓታት ነው። መለዋወጫው ከሌለ፣ ገንዘብ ያዡ ካልታወቀ፣ የሠለጠነው ሰው ወደ ከተማ ከሄደ፣ ያው ትንሽ ጎማ ለብዙ ወራት መንደሩን ያስጠማል። የጉድጓዱ ሙሉ ወጪም በአንዲት ቁራጭ ዕቃ ምክንያት ይባክናል።

በክልላችን ከዚህ የተለየ ልምድም አለ። በፊንላንድ መንግሥት ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ1994 በተጀመረው የገጠር ውሃ ፕሮግራም ውስጥ፣ ከ2003 ጀምሮ የግንባታውን ገንዘብ ማኅበረሰቡ ራሱ እንዲያስተዳድር ተደረገ። ገንዘቡ ዛሬ ጸደይ ባንክ በሆነው በአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም በኩል ለውሃ ኮሚቴው ይደርስ ነበር፤ ኮሚቴውም ዕቃ ይገዛል፣ ግንበኛ ይቀጥራል፣ ሒሳብ ያወራርዳል። ሲሚንቶ የገዛ ኮሚቴ መለዋወጫ ከየት እንደሚገኝ ለማወቅ አይቸገርም፤ ገንዘቡን የቆጠረ ሰውም ተቋሙን የሌላ ሰው ንብረት አድርጎ አያየውም።

እ.ኤ.አ. የ1999ኙ የአገራችን የውሃ ሀብት ፖሊሲ የገጠር ተጠቃሚዎች የማንቀሳቀሻና የጥገና ወጪን እንዲሸፍኑ ይላል። ይህ ግን ድሀውን ከውኃው ማራቅ አይደለም። ጧሪ የሌላት መበለት ልትከፍል ካልቻለች፣ ኮሚቴው በይፋ ወስኖ ድርሻዋን ሌሎች ይሸከሙላት። በስውር የሚቀር ክፍያ መዋጮውን ያፈርሳል፤ በግልጽ የተሰጠ ምሕረት ግን መተማመንን ያጸናል።

ስለዚህ ከዚህ ምክክር በኋላ በየተቋሙ ሦስት ጥያቄ እንዲመዘገብ እናሳስባለን። ባለፈው ዓመት ውሃ ያልተገኘባቸው ቀናት ስንት ናቸው? ከብልሽት እስከ ጥገና ስንት ቀን አለፈ? ስንት ተሰብስቦ፣ በምን ላይ ዋለ? መልሱም በየሦስት ወሩ፣ በሰንበት ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ በተሰበሰበበት ይነበብ።

እኛም የራሳችንን ድርሻ እንውሰድ። በአንድ ቀበሌ አዲስ ጉድጓድ ከመቆፈራችን በፊት የቆመውን እንጠይቅ፤ ሊጠገን የሚችል ከሆነ በጀቱ መጀመሪያ ወደዚያ ይሂድ። ይህ ውሳኔ በሪፖርታችን ላይ የአዳዲስ ተቋማትን ቁጥር ይቀንሳል፤ ለለጋሾቻችንም ማስረዳት ይኖርብናል። የአደራ ገንዘብ የያዘ መጋቢ ግን የሚጠየቀው ስንት እንዳስመረቀ ብቻ አይደለም፤ ዛሬ ጠዋት ማን ውሃ እንደቀዳም ይጠየቃል።