ከሰኔቲ ሜዳ እስከ ሐረና ዱር
ለገጠር ትምህርት ቤቶች የተነገረ



በባሌ ከጎባ ተነሥቶ ወደ ደቡብ፥ ወደ ደሎ መና በእግሩ የሚወርድ መንገደኛ በጥቂት ቀን ጕዞ ሁለት የማይመሳሰሉ አገሮችን ያያል። የፊተኛው ደጋ ራቍቱን የቀረ ሜዳ ነው፤ የኋለኛው ፀሐይ የማይዘልቀው ዱር ነው። መንገደኛውም ብዙ ጊዜ የፊተኛውን ንቆ የኋለኛውን ያመሰግናል። ፍርዱ ግን ልክ አይደለም፤ የዛሬውም ነገር ስለዚሁ ነው።

ከጎባ በላይ አምጃና አስታ እስኪያልቁ ከወጡ በኋላ ሰኔቲ ይገኛል። ከባሕር ወለል በላይ ወደ 4,000 ሜትርና ከዚያም የሚበልጥ ከፍታ ያለው ሜዳ ነው፤ በላዩም ቱሉ ዲምቱ፥ ማለት ቀይ ተራራ፥ 4,377 ሜትር ከፍ ብሎ ይታያል። እርሻ የለም፤ ዛፍም የለም። በበጋ ሌሊት ብርዱ ከዜሮ በታች እስከ 15 ዲግሪ ይደርሳል፤ ቀን ግን ፀሐዩ ፊት ይልጣል። በጉም ውስጥ ቆሞ የሚታየውን ጅባራ መንገደኛው ሰው መስሎት ሰላምታ ሊሰጠው ይቃጣል። ይህ ተክል ብዙ ዓመት በዝግታ አድጎ፥ አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ ዘሩን በትኖ ይሞታል። ለሚቸኵል ሰው መልካም ጎረቤት ነው።

መንገደኛው ጭነቱን አውርዶ ለጥቂት ጊዜ ዝም ብሎ ቢቀመጥ ግን ባዶ ያለው ሜዳ ሕይወት የሞላበት ሆኖ ያገኘዋል። ከጕድጓድ ብቅ የሚለው ትልቁ ፍልፈል በባሌ ካልሆነ በሌላ አገር አይገኝም። አፈሩን ገልብጦ ሣር ሲለቅም አንዲት ትንሽ ወፍ ከአጠገቡ አትለይም፤ እርሱ ከቈፈረው አፈር ትላትል ትለቅማለች፥ ጠላት ሲመጣም ጮኻ ትነግረዋለች። ጠላቱ ቀይ ቀበሮ ነው። ይህ አውሬ ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም የትም የለም፤ የቀረውም ጠቅላላ ቍጥሩ ከ500 ሳይበልጥ ከእኵሌታው የሚበዛው በባሌ ይኖራል። በጥንት ዘመንም ሰው ይህን ሜዳ ንቆ አልተወውም። በፊንጫ ሀበራ ዋሻ ከ30,000 ዓመት በፊት የነበሩ ሰዎች ፍልፈል ጠብሰው የበሉበት አጥንትና አመድ ተገኝቷል።

ከሁሉ የሚበልጠው ሥራው ግን በዓይን አይታይም። የሰኔቲ አፈርና ረግረግ እንደ ሰፍነግ ነው፤ የክረምቱን ዝናብና የጉሙን ጠል ጠጥቶ ያስቀምጣል፥ በበጋም ጥቂት በጥቂት ይለቃል።

ከሜዳው ጫፍ ላይ ምድሩ በድንገት ይቈረጣል። መንገዱም እየተጠማዘዘ ሲወርድ አስታው መጀመሪያ እንደ ቍጥቋጦ፥ ቀጥሎ እንደ ዛፍ እየሆነ ይሄዳል፤ በቅርንጫፉም የዛፍ ሽበት እንደ መነኵሴ ጢም ይንጠለጠላል። ነፋሱ ይቆማል። ከታች ከቆላው የሚወጣው ጉም በዛፎቹ ላይ ያርፋል፤ ዝናብ ሳይኖር ከቅጠል ላይ ውሃ ሲንጠባጠብ ይሰማል። ከዚያም ኮሶ፥ ቀርከሃ፥ ዝግባ በየተራ ይመጣሉ። ሐረና ይህ ነው። ጉሬዛ ከዛፍ ወደ ዛፍ ሲዘል ነጭ ጠጕሩ እንደ ኵታ ይነሣል፤ በየዛፉ ላይም የሰቀሉት ቀፎ ይታያል። ወደ ታችኛው ዳር ሲደርሱ ደግሞ ማንም ሳይተክለው በጥላ ሥር የበቀለ ቡና አለ፤ የአገሩ ሰው ከጫካ ለቅሞ አድርቆ ይሸጠዋል። ከላይኛው ብርድ የመጣ መንገደኛ በዚህ ቦታ ልብሱን አውልቆ ሲያርፍ ሰኔቲን ቢረሳው አይፈረድበትም።

ነገር ግን ሁለቱን የሚያጠፋቸው አንድ ነው። አስታውን ለግጦሽ ብሎ በእሳት የሚለቅ ሰው ሣር አገኛለሁ ይላል፤ ጉሙን የሚይዝለትን ዛፍ ግን ያጣል። በ1992 ዓ.ም. በባሌ የተነሣው እሳት ብዙ ሳምንት ነድዶ ሰፊ ዱር በላ። በ1996 ዓ.ም. ደግሞ እሳት ሳይሆን የውሻ በሽታ መጣ። ከብት ጠባቂዎች ይዘዋቸው ከወጡ ውሾች የተላለፈ የእብደት በሽታ በወይብ ሸለቆ ከነበሩት ቀይ ቀበሮዎች ከአራቱ ሦስቱን እጅ ገደለ። በአካባቢው ውሾችን መከተብ ተይዟል፤ ቀበሮዎቹንም ራሳቸውን መከተብ ተጀምሯል። ይህን ለልጆች መንገር ቀላል ነው፤ ውሻ የሌለው የገጠር ቤት ጥቂት ነውና። ስፍራው በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ መዝገቡ ግን በተራራው ላይ የሚወጣውን ውሻ አያስርም፥ በበጋ የሚለኰሰውንም ክብሪት አያጠፋም።

መምህር ተማሪዎቹን ይዞ በሰፈሩ ካለው ከፍተኛ ቦታ ላይ ቢያወጣቸው፥ ሣሩን ገልጠው አፈሩን በእጃቸው ቢጨብጡ፥ ከዚያም ምንጩ እስከሚወጣበት ድረስ ቢወርዱ፥ ሽማግሌ አብሯቸው ቢሄድና ምንጩ በልጅነቱ ስንት እንስራ ይሞላ እንደ ነበር ቢነግራቸው፥ ባሌን ሳያዩ የባሌን ነገር ይረዱታል።

የሐረናን ዱር አቋርጦ የሚወርደው ወንዝ ወልመል ይባላል፤ ወደ ገናሌ ይገባል። ገናሌም ከወይብና ከዳዋ ጋር በዶሎ አጠገብ ተገናኝቶ ጁባ ተብሎ ወደ ሶማሌ አገር ያልፋል። በዚያ በቆላው በበጋ ወራት ግመሉን ወደ ወንዙ አውርዶ የሚያጠጣ እረኛ ሰኔቲን አላየም፤ ጅባራም ምን እንደ ሆነ አያውቅም። የሚጠጣው ግን ከወራት በፊት በዚያ ብርድ ሜዳ ላይ የወረደውን ውሃ ነው።