ስለ ኮምፒውተር ቫይረስ ለማኅበራችን አባሎች የተደረገ ንግግር



ባለፈው ወር የዕድሩን የመዋጮ መዝገብ ለማሳተም በፍላሽ ይዘን ኮፒ ቤት ሄደን ነበር። ተመልሰን ቢሮ ስንከፍተው በፎልደሮቹ ምልክት ላይ ትንሽ ቀስት ተጨምሮበታል። እኛም ሳንጠረጥር ነካነው። ቫይረሱ ወደ ኮምፒውተሩ የገባው በዚሁ ነው። የዚህ ዓይነቱ ተንኮል እውነተኛውን ፎልደር ደብቆ በምትኩ የራሱን ምልክት ማስቀመጥ ነው፤ ሰው ሲነካው እሱም ይነሣል፣ ፎልደሩንም ይከፍታል፤ ታዲያ ማን ያውቅበታል?

በሦስተኛው ቀን ከአባሎቻችን አንዱ ቤት ሐዘን ደረሰ። መዝገቡ ሲፈለግ የለም። ያለው በዚያው ፍላሽ ላይ ብቻ ነበር፤ ይህም ሌላው ስሕተታችን ነው። «ፎርማት ይደረግ» ያለም ነበር፤ እንኳን አልተደረገ! ፋይሎቹ ተደብቀው እንጂ ጠፍተው አልነበረም፤ የተደበቀውን አሳይ የሚለው ሲበራ ወጡ። ለሐዘንተኛው ግን ገንዘቡ የተሰጠው አሮጌው የወረቀት መዝገብ ታይቶ ነው።

ጥፋቱ የኛው ነው። ዊንዶውስ 8 እ.ኤ.አ. በ2012 ከወጣ ጀምሮ ዲፌንደር የሚባል ፀረ ቫይረስ ያለ ክፍያ አብሮ ይመጣል። እኛ ግን ያልተገዛ ፕሮግራም ሲጫንልን «እሱ ካልተዘጋ አይሠራም» ስንባል ይሁን አልን፤ መልሶ የከፈተውም የለም። ዘበኛውን አሰናብተን በሩን ክፍት ትተን ማደራችን ነበር።

ቢበራም በኢንተርኔት ካልታደሰ አዳዲሱን ቫይረስ በደንብ አያውቅም። ዊንዶውስ ራሱም እንዲሁ መታደስ አለበት። እ.ኤ.አ. በሜይ 2017 ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ ከ150 በሚበልጡ አገሮች ፋይል እየቆለፈ 300 ዶላር አምጡ ሲል፣ ማይክሮሶፍት ቀዳዳውን የሚደፍነውን ማሻሻያ ያወጣው ከሁለት ወር በፊት ነበር። የተጎዱት ያላደሱት ናቸው። ያ ቢደርስብን ኖሮ የተደበቀውን አሳይ ማለት አይረዳንም ነበር።

አሁን ዲፌንደሩ በርቷል፣ ያ ፕሮግራም ወጥቷል። በየሳምንቱ በስልክ ኢንተርኔት እናድሰዋለን፤ ወጪው ጥቂት ስለሆነ እንድታጸድቁልን እንጠይቃለን። የመዝገቡ ሁለተኛ ቅጂ ከኮምፒውተሩ ተነቅሎ በገንዘብ ያዣችን ሣጥን ይቀመጣል። የወረቀቱም መዝገብ አይቀርም፤ ይቅር ያላችሁንም አሁን የምትስማሙ ይመስለናል።

በዚያ ሳምንት ከቢሯችን በፍላሽ ደብዳቤ የወሰዳችሁ ሁሉ፣ ቤታችሁ ከመክፈታችሁ በፊት በዲፌንደር አስፈትሹት፤ ካልሆነም ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይዛችሁልን ኑ።

የማኅበሩ ጸሐፊ