የቡልጋሪያ ሰፈር ድርሻ ስንት ነው?

(በማኅበራችን ስብሰባ ለተማሪዎችና ለመምህራን የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ከፊታችሁ የቆምነው ስለ ቁጥር ልንናገር ነው። ቁጥር ሲነሣ እንቅልፍ የሚመጣበት ሰው እንዳለ እናውቃለን፤ ጊዜውም ከምሳ በኋላ ስለሆነ አንቀየምም። የያዝነው ጥያቄ ግን አጭር ነው። ይኸውም፤ ቡልጋሪያ የሚኖር ሰው የመረጠው እንደራሴ «ለዚህ ሰፈር ትምህርት ቤት፣ ለዚህ ሰፈር ጤና ጣቢያ፣ ለዚህ ሰፈር ውሃና መንገድ በዓመቱ ስንት ብር ተመደበ? ስንቱስ ወጣ?» ብሎ መንግሥትን ቢጠይቅ መልስ ያገኛልን? የሚል ነው።

ቡልጋሪያን የማታውቁ ብትኖሩ፤ በሜክሲኮ አደባባይ በኩል፣ በቂርቆስ ክፍለ ከተማ የሚገኝ፣ በኤምባሲ ስም የተጠራ ሰፈር ነው። የታክሲ ረዳት «ቡልጋሪያ! ቡልጋሪያ!» እያለ ሲጣራ የሰማ እንግዳ ሶፍያ የሚያደርሰው ይመስለዋል እያልን እንቀልዳለን። ከመካከላችን አንዳንዶቻችን ያደግነው እዚያ ነው። ስለዚህ ጥያቄውን በመጽሐፍ አላገኘነውም፤ ከደጃችን ነው የጀመርነው።

በቅርቡ ሦስት ሆነን ወደ አንድ የመንግሥት ቢሮ ሄድን። ጠባዩ የአንድ ቢሮ ብቻ ስላልሆነ ስሙን አናነሣም። ጸሐፊዋ በትሕትና ተቀብላ «ደብዳቤ አላችሁ?» አለችን። «ከማን?» ብንላት «ከሚመለከተው አካል» አለች። «የሚመለከተው አካል ማን ነው?» ብንል «እሱን እናንተ ታውቃላችሁ» ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። በማግሥቱ ደብዳቤ ይዘን ብንሄድ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነበሩ። በሦስተኛው ቀን ተገኙ፤ ደግ ሰው ስለሆኑም ሻይ አስመጥተው የሥራውን አፈጻጸም በመቶኛ ነገሩን። መቶኛው እጅግ ከፍ ያለ ነበር። ከስንቱ ስንት እንደሆነ ስንጠይቃቸው ግን «እሱ ከበላይ የሚወርድ ነው» አሉን። ሻዩን ጠጥተን፣ አመስግነን ወጣን።

እኛ ተማሪዎች ነን፤ መጉላላቱንም ለምደነዋል። የሚያሳስበን ግን ሕዝብ መርጦ የላከው ሰው ያንኑ ጥያቄ ሲጠይቅ፣ ሻዩ ቀርቶ፣ ያንኑ መቶኛ ማግኘቱ ነው።

ሕግ የለም እንዳንል ሕግ አለ። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ በሆነ መንገድ ይከናወን ይላል። በአንቀጽ 55 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎቹን የፌዴራል ባለሥልጣኖች ለጥያቄ የመጥራትና አሠራራቸውን የመመርመር ሥልጣን እንዳለው ጽፏል። በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 590 ደግሞ ለእንደራሴ ብቻ ሳይሆን ለማንኛውም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ የመጠየቅ መብት ሰጥቶ፣ መልሱን በ30 ቀን ውስጥ ማግኘት እንዳለበት ደንግጓል። የተከለከለ ሰው ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤት ይላል። እንግዲህ በወረቀት ረገድ ድኾች አይደለንም።

ታዲያ ቁጥሩ የሚጠፋው የት ነው?

አስቀድሞ በአድራሻው ላይ ነው። የአዲስ አበባ ሕዝብ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት 23 መቀመጫ አለው። ከዚህ ሌላ ከተማው 138 መቀመጫ ያለው የራሱ ምክር ቤት አለው። በአንቀጽ 49 መሠረት ከተማው ራሱን በራሱ ያስተዳድራል፤ ተጠሪነቱ ግን ለፌዴራሉ መንግሥት ነው። አሁን የፌዴራል እንደራሴው ተነሥቶ የጤና ሚኒስትሩን ስለ ቡልጋሪያ ጤና ጣቢያ ይጠይቅ እንበል። ሚኒስትሩ «ይህ የከተማው አስተዳደር ጉዳይ ነው» ቢሉ ሐሰት አልተናገሩም። የከተማው ምክር ቤት አባል ደግሞ የከተማውን ጤና ቢሮ ይጠይቅ፤ የሚሰጠው የመላውን ከተማ ድምር ነው። ከዚህም በላይ የምርጫ ክልሉ 23፣ ክፍለ ከተማው 11 ነው፤ ወሰናቸው አይገጥምም። ስለዚህ ገንዘቡ በክፍለ ከተማ ተከፍሎ ቢቀርብለት እንኳ እንደራሴው «የእኔ መራጮች ድርሻ ይህ ነው» ለማለት ይቸገራል። ገንዘቡ በአንድ ካርታ ይከፈላል፤ ድምፁ በሌላ ካርታ ይቈጠራል።

ሁለተኛው ድምሩ ራሱ ነው። የአዲስ አበባ በጀት በ2016 ዓ.ም. 140 ቢሊዮን ብር ገደማ ነበር። በ2017 ዓ.ም. ወደ 230 ቢሊዮን፣ በ2018 ዓ.ም. ወደ 350 ቢሊዮን ብር ደረሰ። ይህን ሁላችንም በዜና ሰምተናል። ከሁለት እጥፍ በላይ አደገ ማለት ነው፤ የዋጋውም መናር እንዳይረሳ። ነገር ግን በቡልጋሪያ የምትኖር አንዲት እናት ልጇ በሚማርበት ክፍል ስንት ልጆች በአንድ ዴስክ እንደሚቀመጡ ታውቃለች፤ 350 ቢሊዮኑና ያ ዴስክ የት እንደሚገናኙ የሚነግራት ግን የለም። እንደራሴዋ የተመረጠው ይህን መንገድ ፈልጎ እንዲያሳያት ነበር።

ሦስተኛው ነገር ከሁሉ የሚያሳዝነን ነው። ገንዘብን ለሰው ለማካፈል ሰውን መቍጠር ያስፈልጋል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 103 የሕዝብ ቆጠራ በየ10 ዓመቱ ይካሄዳል ይላል። የመጨረሻው ቆጠራ የተደረገው በ1999 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ የአዲስ አበባ ሕዝብ 2.7 ሚሊዮን ያህል፣ የቂርቆስም ከ220 ሺህ በላይ ነበር። በ2010 ዓ.ም. ሊደረግ ታስቦ የነበረው ቆጠራ ደጋግሞ ተላለፈ። እኛ ስንወለድ የተቈጠረ ሰፈር ነው እስካሁን «ሕዝባችን ይህን ያህል ነው» የሚባለው።

በዚህ መካከል ሰፈሩ ራሱ ተንቀሳቀሰ። እዚያው ቂርቆስ ውስጥ ያለውን ካዛንቺስን ተመልከቱ። ስሙ ከጣልያን ወረራ ዘመን የመንግሥት ሠራተኞች ቤት ሠሪ ድርጅት የቀረ ነው፤ «ካዛ ኢንቺስ» ይሉት የነበረው። በ2017 ዓ.ም. መግቢያ ላይ በኮሪደር ልማት ምክንያት የካዛንቺስ ብዙው ክፍል ፈረሰ፤ አያሌ ነዋሪዎችም ወደ ገላን ጉራ ተዛወሩ። ልማቱ ይበጃል ወይስ አይበጅም የሚለውን ክርክር ዛሬ አንከፍትም፤ በማኅበራችን ውስጥ እንኳ ሁለት ወገን ነን። የምንጠይቀው ይህን ነው፤ ልጆቹ ሲሄዱ በስማቸው ይመደብ የነበረው የትምህርት ቤት ገንዘብ አብሮ ሄዷልን? ገላን ጉራ የተቀበላቸው ትምህርት ቤት መምህርና መጽሐፍ ተጨምሮለታልን? የቀድሞው ሰፈር እንደራሴ «ሄደዋል» ይላል፤ የአዲሱ ሰፈር እንደራሴ «እኔን አልመረጡኝም» ይል ይሆናል። እነዚህን ቤተሰቦች በቁጥር የሚያውቃቸው ማን ነው? እነሱን የሚመለከት ጥያቄ በምክር ቤት ቢነሣ በስንት ነፍስ ሊካፈል ነው?

የሚገርመው፤ በዚያው በቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ በ1953 ዓ.ም. በተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ ግቢ፣ የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ተቀምጦ የመላውን አህጉር አኃዝ ያሰናዳል። የቻድንና የዛምቢያን የትምህርት ወጪ ለማወቅ ከቡልጋሪያ እስከዚያ በታክሲ መሄድ ይበቃል። የቡልጋሪያን ለማወቅ ግን ደብዳቤ ያስፈልጋል፤ ከሚመለከተው አካል።

ስለ ጊዜውም አንድ ቃል። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ቀን ይዘጋል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 58 መሠረት የምክር ቤቱም የሥራ ዘመን የሚዘጋው ሰኔ 30 ቀን ነው። ሒሳቡና ጠያቂው አብረው በራቸውን ይዘጋሉ ማለት ነው። የዋና ኦዲተሩ ሪፖርት የሚቀርበው ዓመት ያህል ቆይቶ ነው፤ «ያልተወራረደ»፣ «ማስረጃ ያልቀረበበት»፣ «ሥራ ላይ ያልዋለ» የሚሉትን ቃላት ያን ጊዜ እንሰማለን። ኦዲተሩ ብርቱ ሥራ ይሠራል፤ ነገር ግን ሪፖርቱ በመሥሪያ ቤት የተከፈለ እንጂ በሰፈር የተከፈለ አይደለም።

በጐረቤት አፍሪካ የታየ አንድ ነገር አለ፤ እሱን ሰፋ አድርገን እንናገር። ኡጋንዳ ውስጥ መንግሥት ለየአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ በተማሪ ቁጥር ልክ ገንዘብ ይመድብ ነበር። አጥኚዎች ከ1991 እስከ 1995 እ.ኤ.አ. ያለውን ሒሳብ፣ ከማዕከል የወጣውን በአንድ ወገን፣ ትምህርት ቤቱ ተቀበልሁ ያለውን በሌላ ወገን አድርገው ቢያስተያዩት፣ በአማካይ የደረሰው ከመቶ 13 ብቻ ሆኖ ተገኘ። የቀረው በመንገድ፣ በየአውራጃው ጽሕፈት ቤት ቀረ። ከዚህ በኋላ መንግሥት ለየአውራጃው የላከውን ገንዘብ በጋዜጣ ማውጣት ጀመረ፤ ትምህርት ቤቶችም የተቀበሉትን በራቸው ላይ እንዲለጥፉ ታዘዙ። በ2001 እ.ኤ.አ. የሚደርሰው ከመቶ 80 በላይ ሆነ። ለውጡ ሁሉ በጋዜጣ የመጣ አይደለም፤ ሌላም ማሻሻያ አብሮ ተደርጎ ነበር የሚሉ ሊቃውንት አሉ፤ ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። ነገር ግን አንድ ነገር አይካድም። ያ 13 የሚለው ቁጥር ሊገኝ የቻለው አንድ ሰው ትምህርት ቤት ድረስ ሄዶ መዝገብ ስለ ገለጠ ነው። በዋናው ከተማ መዝገብ ላይ ሁሉም ነገር የተሟላ ነበር።

በሕንድ ደግሞ በታችኛው ምክር ቤት በአንድ የስብሰባ ቀን 20 ጥያቄ በቃል፣ 230 ጥያቄ በጽሑፍ እንዲመለስ ይያዛል። የጽሑፉ መልስ ሠንጠረዥ ያለበት፣ በየክፍለ ሀገሩ የተለየ ነው። ጭብጨባ የለበትም። በእኛ ምክር ቤት የለመድነው ግን የቃል ጥያቄ ነው፤ ብዙውን ጊዜም «በዚህ ረገድ ምን ታስቧል?» በሚል ያልቃል። «ምን ታስቧል?» ለሚል ሰው መልሱ ሐሳብ ነው፤ ሐሳብ ደግሞ በመንግሥት ቤት አልቆ አያውቅም። «ስንት? የት? ከመቼ እስከ መቼ?» ያለ ግን ቁጥር ይሰጠዋል፤ አለዚያም መከልከሉን ሁሉም ያየዋል።

አገራችን ከዚህ ፈጽሞ ባዕድ አይደለችም። ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ በመሠረታዊ አገልግሎቶች ፕሮግራም አማካይነት ወረዳዎች በጀታቸውንና ወጪያቸውን በሰሌዳ እንዲለጥፉ ተደርጎ ነበር። በቅርቡ እንዲህ ያለ ሰሌዳ አንድ ቦታ አይተናል፤ ላዩ ላይ የስብሰባ ጥሪና የጠፋ መታወቂያ ማስታወቂያ ነበረበት።

አንዳንዱ «ቁጥር መጠየቅ የተቃዋሚ ሥራ ነው» ይላል። ይህ አስተሳሰብ አደገኛ ነው። በ2002 ዓ.ም. ምርጫ ከ547 መቀመጫ የተቃዋሚ ፓርቲ ያገኘው አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ከአዲስ አበባ የተመረጡት አቶ ግርማ ሰይፉ ነበሩ። የቀሩት እንደራሴዎች ሰፈር አልነበራቸውምን? ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያ፣ ጭቃ መንገድ አልነበራቸውምን? በ2015 ዓ.ም. ስለ አዲሱ ቤተ መንግሥት ግንባታ ወጪ በምክር ቤት ጥያቄ ሲነሣ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ገንዘቡ ምክር ቤቱ ካጸደቀው በጀት አይደለም ብለው መለሱ። እኛ ይህን መልስ አንቀበለውም፤ ከበጀት ውጭ የመጣ ገንዘብም የሚሠራው በሕዝብ መሬት ላይ፣ በሕዝብ ስም ነው። ይህን ማለት ያለበት ግን ከማንም በፊት የገዢው ፓርቲ አባል ነበር።

ሌላው ደግሞ የሚከብድ ተቃውሞ አለ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 54 የምክር ቤቱ አባላት የመላው ሕዝብ ተወካዮች ናቸው ይላል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ስለ ሰፈሩ ከጮኸ ምክር ቤቱ የእድር ስብሰባ ይሆናል የሚሉ መምህራን አሉን። እናከብራቸዋለን። ነገር ግን «ለሰፈሬ ጨምሩልኝ» ማለትና «ለሰፈሬ የሰጣችሁትን ንገሩኝ» ማለት አንድ አይደሉም። የፊተኛው ልመና ነው፤ የኋለኛው ሒሳብ ነው። ሒሳቡ በየሰፈሩ ከታወቀ ቡልጋሪያ ምናልባት ከሌላው ሰፈር የበለጠ ሲወስድ የኖረ ሆኖ ይገኝ ይሆናል። እሱንም ልናውቀው ይገባል፤ ቢያሳፍረንም። (የእድር ጸሐፊ ደግሞ ሒሳቡን በየወሩ ያነባል፤ እድርን የናቁ ይህን አይርሱ።)

ስለዚህ ያሰናዳነው አንድ ገጽ ጥያቄ አለ። እንዲህ ይላል፤ በ2017 የበጀት ዓመት በቂርቆስ ክፍለ ከተማ በእያንዳንዱ ወረዳ ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችና ለጤና ጣቢያዎች የተመደበው ገንዘብ ስንት ነው? የተላለፈው ስንት ነው? የወጣው ስንት ነው? በዓመቱ መጀመሪያና መጨረሻ የተመዘገቡት ተማሪዎች ስንት ነበሩ? ወደ ሌላ ክፍለ ከተማ የተዛወሩትስ? ከዚህ ሌላ አንድም ቅጽል የለበትም። አንዱን ቅጂ በአዋጅ ቁጥር 590 መሠረት በራሳችን ስም ለመሥሪያ ቤቱ እናስገባለን፤ ያስገባንበትንም ቀን እንጽፋለን። ሌላውን ለፌዴራሉም ለከተማውም እንደራሴዎች እንሰጣለን፤ እነሱም በምክር ቤት በራሳቸው ስም እንዲጠይቁ።

ወረቀቱ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት በር ላይ ተለጥፏል። የሒሳብና የስታቲስቲክስ ተማሪዎች ዓምዶቹን እንድታዩልን፣ የሕግ ተማሪዎች አንቀጾቹን እንድታርሙልን እንለምናለን። ቅዳሜ በሦስት ሰዓት ሜክሲኮ አደባባይ ተገናኝተን ወደ ቡልጋሪያ እንወርዳለን፤ እርሳስና ደብተር ያዙ።