ሁለተኛው ቋንቋ



"ዳታቤዝ አስተዳዳሪ ከኤስኪውኤል ሌላ ቋንቋ ምን ያደርግለታል?" የሚል አለ። እኔም እንደዚያ ነበር የምለው፤ ኤስኪውኤል እንጀራዬ ነዋ።

በምሠራበት ባንክ በየማለዳው የ30 ሰርቨሮችን ባክአፕ አንድ በአንድ አይቼ፣ "ተሳክቷል" የሚል ካለ ምልክት አድርጌ ቡናዬን እጠጣ ነበር። አንድ ቀን ሰርቨር ተበላሸ። ባክአፑን ልንመልስ ስንል ፋይሉ አልከፈት አለ። የሁለት ቀን ሥራ ከወረቀት ደረሰኝ እየለቀምን እንደገና አስገባን። "ተሳክቷል" ማለት ለካ ፋይሉ ተጽፏል ማለት እንጂ ይመለሳል ማለት አልነበረም።

ያኔ በ41 ዓመቴ ፓይተን ጀመርኩ፤ ልጄ ሳቀችብኝ። ዛሬ የጻፍኳት አጭር ፕሮግራም ሌሊት እያንዳንዱን ባክአፕ መሞከሪያ ሰርቨር ላይ ትመልሳለች፣ በየሰንጠረዡ ያለውን መዝገብ ትቆጥራለች፣ ቁጥሩ ባክአፑ ሲወሰድ ከነበረው ካልገጠመ ስልኬ ላይ መልእክት ትልካለች።

ስለዚህ መልሴ፦ አዎ፣ መማር አለብን፤ ለጀማሪ ግን አንድ ይበቃል። ምን መፈተሽ እንዳለበት የሚያውቀው ባለሙያው ነው። ቋንቋው ሳይሰለች ይፈትሽለታል።

መምህሮቻችን፣ አንድ አደራ አለኝ፦ ተማሪውን ባክአፕ በማድረግ ብቻ ሳይሆን በመመለስም ፈትኑት።