ሳንቲያጎና ቦነስ አይረስ፦ ርቀቱ አንድ፣ ሰዓቱ ሁለት

ከቺሊ ዋና ከተማ ከሳንቲያጎ እስከ አርጀንቲናዋ ቦነስ አይረስ በአየር 1,140 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በመኪና የሚሄድ ሰው የአንዲስን ተራሮች ዞሮ ተጠማዞ 1,400 ኪሎ ሜትር ገደማ ይነዳል፤ በክረምት በረዶው ሲበረታ ደግሞ የድንበሩ መተላለፊያ ይዘጋበታል። በአውሮፕላን ግን በደምሳሳው የሁለት ሰዓት መንገድ ነው። በደምሳሳው ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከሳንቲያጎ ወደ ቦነስ አይረስ ከሚፈጀው ጊዜ ይልቅ የመልሱ ብዙውን ጊዜ ሃያ፣ ሠላሳ ደቂቃ ይበልጣል።

ምክንያቱ ነፋስ ነው። በዚያ አካባቢ፣ 10 ሺህ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ብርቱ ነፋስ አለ፤ የሚቲዎሮሎጂ ባለሙያዎች ጄት ስትሪም ይሉታል። አውሮፕላኑ በአየሩ ውስጥ በሰዓት 830 ኪሎ ሜትር ይበራል እንበል፤ ነፋሱ ደግሞ 150 ይሁን። ወደ ምሥራቅ ሲሄድ ነፋሱ ተደምሮለት በሰዓት 980 ይጓዛል፤ መንገዱን በ70 ደቂቃ ይጨርሳል። ሲመለስ ተቀንሶበት 680 ይሆንና 100 ደቂቃ ይፈጅበታል። መንደርደሩ፣ መውጣቱና መውረዱ ሲታከልበት ትኬቱ ላይ የምታዩት ጊዜ ይመጣል።

ይህ ነፋስ በቅጡ ባልታወቀበት ዘመን የሰው ሕይወት ጠፍቷል። እ.ኤ.አ. ኦገስት 2 ቀን 1947 ስታር ደስት የተባለችው የእንግሊዝ አውሮፕላን 11 ሰዎች ይዛ ከቦነስ አይረስ ወደ ሳንቲያጎ ተነሳች። ተራሮቹን ደመና ሸፍኗቸዋል። አብራሪዎቹ ያሉበትን ቦታ የሚያውቁት በአብዛኛው በሰዓትና በፍጥነት ስሌት ነበር። በአራት ደቂቃ ውስጥ እንደሚደርሱ በሬዲዮ አስታወቁ፤ ከዚያ በኋላ ድምፃቸው አልተሰማም። ባለሙያዎች ዛሬ እንደሚያስረዱት፣ በስሌታቸው ተራራውን አልፈውት ነበር፤ ከፊት የሚገፋቸው ነፋስ ግን ገና ከወዲያኛው ወገን አስቀርቷቸዋል። ዝቅ ሲሉ ቱፑንጋቶ ተራራ ላይ ወደቁ። አንድም ሰው አልተረፈም። ስብርባሪው ከበረዶው ውስጥ ብቅ ብሎ በተራራ ወጪዎች የተገኘው በ1998 ነው፤ ቦታው ከሳንቲያጎ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። እኔን እጅግ የሚያሳዝነኝ፣ ከስሌታቸው የጎደለው አንድ ቁጥር ብቻ መሆኑ ነው፤ የነፋሱ ፍጥነት። ዛሬ ያ ቁጥር ለየከፍታው ተተንብዮ ከመነሳታቸው በፊት አብራሪዎች እጅ ይገባል፤ ነዳጁም የሚሞላው እሱ ታይቶ ነው። አውሮፕላኑ የት እንዳለም ሳተላይት ይነግራቸዋል።

መንገደኛን የሚያሳስተው ደግሞ ሌላ ነገር ነው። አርጀንቲና ዓመቱን ሙሉ ሰዓቷን አትቀይርም። ሳንቲያጎ ግን በክረምታቸው ከቦነስ አይረስ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ትላለች፤ በበጋ እኩል ይሆናሉ። ስለዚህ በሐምሌ፣ በአገሬው አቆጣጠር 10፡00 ሰዓት ከቦነስ አይረስ ተነስቶ ሁለት ሰዓት ከሃያ የበረረ ሰው ሳንቲያጎ የሚያርፈው 11፡20 ላይ ነው። ትኬቱን ብቻ ያየ ሰው ረጅሙን ጉዞ አጭር አድርጎ ይገምተዋል።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በሳኦ ፓውሎ በኩል ቦነስ አይረስ ድረስ ስለሚበር፣ ከዚያ ወደ ሳንቲያጎ የምትቀጥሉ አትጠፉም። በትኬታችሁ ላይ የመነሻና የመድረሻ ሰዓት ከመቀናነሳችሁ በፊት የበረራው ርዝመት የተጻፈበትን ፈልጉ። በሁለቱ በረራዎች መካከልም በቂ ጊዜ ያዙ። አንዲስ ላይ ነፋሱ ተራራውን ሲመታ አየሩ ይናወጣልና፣ የቀበቶው መብራት ሲበራ ቶሎ እሰሩ።