ኩላሊትን የከበበ እጢ



ከእንጦጦ ጫካ የባሕር ዛፍ ጭራሮ ተሸክማ ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮን የምትወርድ እናት ጎኗን ሲያማት፣ ሁላችንም «ሸክሙ ነው» እንላለን። ሸክም የማያውቀው ደግሞ «ኩላሊቴን ብርድ መታኝ» ይላል። አብዛኛው የጎን ሕመም ቀላል ነው። ዛሬ የማወጋችሁ ግን ከስንት አንድ ስለሚገጥመው፣ በኩላሊት ዙሪያ ስለሚያድገው፣ ሊምፎማ ስለሚባለው ካንሰር ነው።

ሊምፎማ በአንገት ወይም በብብት ሲያብጥ በእጅ ይዳሰሳል። ይሄኛው ግን ሆድ ውስጥ ተደብቆ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና መክሳት ያመጣል። በእኛ አገር እነዚህ ምልክቶች መጀመሪያ የሚያስጠረጥሩት ቲቢን ነው።

አልትራሳውንድ ላይ እጢው ጠቆር ብሎ ስለሚታይ መግል ወይም ደም ሊመስል ይችላል። ሲቲ ስካን ሲታከልበት፣ ኩላሊቱን እንደ ጋቢ ዙሪያውን የጠቀለለ እብጠት ይወጣል። ያን ጊዜ የራዲዮሎጂ ሐኪሟ የደም ሥሮቹን ትከተላለች። በደም ሥር የተሰጠው ማቅለሚያ መድኃኒት ስላደመቃቸው በእብጠቱ መሐል ሲያልፉ ቁልጭ ብለው ይታያሉ። ሳይጠቡና ሳይዘጉ ካለፉ ጥርጣሬዋ ወደ ሊምፎማ ያደላል፤ ይህ ካንሰር የደም ሥርን ይከባል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ አያንቅም። አንዲት ሐኪም ጨለማ ክፍል ተቀምጣ ይህን መለየት መቻሏ ሁሌም ይገርመኛል።

ሆኖም ምስሉ ይጠቁማል እንጂ አይፈርድም። በአልትራሳውንድ ወይም በሲቲ እየተመራ በመርፌ ናሙና መወሰድ አለበት። እዚህ ላይ «ካንሰር ከተነካ ይሰራጫል» ብለው ከሐኪም ቤት የሚመለሱ ወገኖቻችን ያሳዝኑኛል። ሊምፎማ በመርፌ ስለተነካ አይዛመትም። መርፌው ከቀረ ግን ኩላሊቱ በከንቱ ተቆርጦ ሊወጣ ይችላል። የተለመደው የኩላሊት ካንሰር ብዙ ጊዜ በቀዶ ሕክምና ይወገዳል፤ የሊምፎማ ዋና ሕክምና ግን ኬሞቴራፒ ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 በዩጋንዳ ሕፃናት ላይ ያየውን፣ የሊምፎማ ዓይነት የሆነውን የመንጋጋ እጢ ለዓለም ያስተዋወቀው ዴኒስ በርኪት ራሱ ቀዶ ሐኪም ነበር። እጢው ከቢላ ይልቅ በመድኃኒት እንደሚሟሽሽ ያየውም እሱ ነው።

እንጦጦ ጸበል ለምትጠመቁም አንድ ቃል አለኝ። ጸበሉን ተጠመቁ፤ ቀጠሮውን ግን አታሳልፉ። ሊምፎማ ብዙ ዓይነት ነው፤ አንዳንዱ በሳምንታት ውስጥ ያድጋል። ወደ ጥቁር አንበሳም ሆነ ወደ ሌላ ሆስፒታል ሪፈር ስትባሉ የሲቲውን ፊልምና ሲዲ፣ የፓቶሎጂውንም ውጤት ይዛችሁ ሂዱ። ናሙናው ቀሪ ካለው እሱንም ጠይቃችሁ ውሰዱ፤ የሊምፎማው ዓይነት የሚለየው፣ ኬሞውም የሚመረጠው በእሱ ነው።