የግድግዳ ቴክስቸርና የልኬት እውነት



በኮምፒውተር የሠራነውን የሕንፃ ሞዴል ለሬንደሪንግ ስናዘጋጅ፣ ስለምናለብሰው ቴክስቸር አስቀድመን የምንጠይቀው «ያምራል ወይ?» ብለን ነው። መቅደም ያለበት ግን «ልኩ ስንት ነው?» የሚለው ጥያቄ ነው።

ሁላችንም የምናውቀውን ብሎኬት እንውሰድ። ፊቱ 40 በ20 ሳንቲ ሜትር ነው፤ የ1 ሳንቲ ሜትር የሞርታር መጋጠሚያ ሲታከልበት 41 በ21 ይሆናል። ስለዚህ ወደ ጎን 5 ብሎኬት፣ ወደ ላይ 10 ረድፍ የያዘ ምስል በሞዴሉ ላይ 205 በ210 ሳንቲ ሜትር መሸፈን ይኖርበታል። የረድፉ ቁጥር ጥንድ መሆኑም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ጎደሎ ቢሆን ኖሮ ምስሉ በተደጋገመበት ቦታ የመጋጠሚያዎቹ መፈራረቅ ይሰበር ነበር።

በዚህ ልክ 3 ሜትር ከፍታ ያለው ግድግዳ 14 ያህል ረድፍ ያሳያል። ምስሉን በግማሽ ብናሳንሰው ረድፉ 28 ይሆናል። ተመልካቹ የብሎኬትን መጠን ስለሚያውቅ ግድግዳውን 6 ሜትር አድርጎ ይገምተዋል።

እኔም በጀማሪነቴ ይህንኑ ስሕተት ፈጽሜአለሁ። ቤቱ ተሠርቶ ሲያልቅ ባለቤቱ «ያሳየኸኝ ቤት ከዚህ ከፍ ይል ነበር» አሉኝ። በፕላኑ ላይ አንዳች ስሕተት አልነበረም፤ ያሳሳታቸው ያልለካሁት ቴክስቸር ነበር።